የእናንተ ሳይዝ ለምን ሁሌ ቀድሞ ያልቃል?

ቴሌግራም ላይ አንድ ቲሸርት ታያላችሁ። ቀለሙን ወደዳችሁት፣ ዋጋውም አይከፋም። ለሻጯ ትጽፋላችሁ፦ «ሚዲየም አለ?» ትንሽ ቆይታ ትመልሳለች፦ «ይቅርታ የኔ ቆንጆ፣ ሚዲየም አልቋል። ላርጅ ልላክ?» ላርጅ ለእናንተ ድንኳን ነው። ተበሳጭታችሁ ስልኩን ታስቀምጣላችሁ።

ከስክሪኑ ወዲያ ግን ከእናንተ የባሰ የተበሳጨ ሰው አለ። ሻጯ አልጋ ሥር ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ልብስ ተቀምጧል። ያላት ብር በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ልብስ ሞልቷል፤ የተጠየቀችው ግን የለም።

ብዙዎቻችን ይህን ስናይ «በደንብ አስባ ብታዝዝ ኖሮ» እንላለን። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፣ ቁጭ ብዬ እስካሰላው ድረስ። ስሌቱ የሚለው ሌላ ነው፦ ሻጯ የደንበኞቿን ፍላጎት በአማካይ ልክ በልኩ ብታውቅ እንኳን ይህ ነገር ይደርስባታል። እንዴት ሆኖ? እስኪ አብረን እንየው።

አንድ ቲሸርት፣ ሠላሳ ዕቃ

ታላቅ እህታችሁ ኦንላይን ልብስ መሸጥ ልትጀምር ነው እንበል። አንድ የቲሸርት ሞዴል መርጣለች። በስድስት ቀለም ይመጣል፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ ቦርዶና ሰናፍጭ ቢጫ። ሳይዙ አምስት ነው፦ ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ፣ ኤክስኤል፣ ደብል ኤክስኤል። ለእሷ አንድ ሞዴል ነው። ለክምችት ሂሳብ ግን ስድስት ሲባዛ በአምስት፣ ሠላሳ የተለያየ ዕቃ ነው። ጥቁር ሚዲየም የፈለገ ሰው ሰናፍጭ ደብል ኤክስኤል ስለተረፈ አይጽናናም። ትልልቅ ድርጅቶች ለእያንዳንዷ ጥምረት የራሷን መለያ ቁጥር የሚሰጡት ለዚህ ነው፤ በንግዱ ቋንቋ «ኤስኬዩ» ይሉታል። እኛ እዚህ «ሳጥን» እንበለው።

እህታችሁ 120 ቲሸርት ገዛች። ለሠላሳው ሳጥን እኩል ስታካፍለው ለእያንዳንዱ 4 ይደርሳል። ነገሩን ለማቅለል ደግሞ ዕድለኛ እናድርጋት፦ በወሩ ውስጥ 120 ደንበኛ ይመጣል፣ ሠላሳውም ሳጥን እኩል ተፈላጊ ነው። 120 ልብስ፣ 120 ደንበኛ። ሁሉም ተሽጦ የሚያልቅ ይመስላል፣ አይደል?

ከዚህ በታች ያለውን ሳታነቡ በፊት ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። ወረቀት ላይ ስድስት ዓምድና አምስት ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ አስምሩ። ሁለት የሉዶ ዳይስ ፈልጉ። የመጀመሪያው ዳይስ ቀለሙን፣ ሁለተኛው ሳይዙን ይምረጥ፤ ሁለተኛው ላይ 6 ከወጣ ያንን ዳይስ እንደገና ጣሉት። እያንዳንዱ ጥሎሽ አንድ ደንበኛ ነው። በወጣው ሳጥን ውስጥ አንድ ጭረት ጫሩ። ሳጥኑ አራት ጭረት ከሞላ በኋላ የሚመጣውን ሰው «አልቋል» ብላችሁ መልሱትና ከዳር ለብቻው ቁጠሩት። 120 ጊዜ ጣሉ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅባችሁ ነው።

ውጤቱ በየሙከራው ይለያያል። ደጋግማችሁ ብትሠሩት ግን የምትመልሷቸው ደንበኞች አማካይ ወደ 23 ይጠጋል። ስለዚህ 23 ያህል ቲሸርትም ሳይሸጥ ይቀራል። ከሠላሳው ሳጥን በ11 ያህሉ ቢያንስ አንድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ሌሎቹ ደግሞ ትርፍ ይዘው ይቀመጣሉ። ማንም አልተሳሳተም። ዳይሱም አላጭበረበረም።

ብሩን እንቁጠረው። አንዱን ቲሸርት በ600 ብር ገዝታ በ900 ብትሸጥ፣ 97 ቲሸርት ሸጣ 29,100 ብር ታተርፋለች። ሳይሸጡ በቀሩት 23 ቲሸርቶች ላይ ደግሞ 13,800 ብር አውጥታለች። እነሱ ጨርሶ ካልተሸጡ እጇ ላይ የሚቀረው ትርፍ 15,300 ብር ነው። ሁሉም ቢሸጥላት ኖሮ 36,000 ይሆን ነበር። ከግማሽ በላይ ትርፏ በአጋጣሚ ብቻ ተበላ ማለት ነው። ኪራይና ማድረሻ ገና አልነካንም።

ስንከፋፍለው ለምን ይብሳል?

ደንበኞች በየራሳቸው ጊዜና ፍላጎት ሲመጡ፣ ቁጥራቸው ከአማካዩ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። የመዋዠቁ መጠን በግምት የአማካዩ ስኩዌር ሩት ነው። አማካዩ 4 ለሆነ ሳጥን ስኩዌር ሩቱ 2 ነው። አራት ስትጠብቁ ሁለት ወይም ስድስት ቢመጣ የሚገርም አይደለም፤ ግማሽ በግማሽ ስህተት ነው። ለ120 ደንበኛ ግን ስኩዌር ሩቱ 11 አካባቢ ነው። አሥራ አንድ ከ120 ዘጠኝ በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ይህቺን ነገር ልብ በሏት፣ የጽሑፉ ዋና ጉዳይ እሷ ናት። ብዛቱ በአንድ ላይ ሲሆን አንዱ ደንበኛ ሲቀር ሌላው ስለሚተካው መዋዠቁ እርስ በርሱ ይጣፋል። ስንከፋፍለው መጣፋቱ ይቀራል። ቲሸርቱ አንድ ቀለምና አንድ ሳይዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ያው 120 ልብስ በአማካይ 120 ደንበኛ ይዞ የሚተርፈው 4 ገደማ ብቻ ነበር። 23 እና 4። ልዩነቱን የፈጠረው የገዢው ብዛት አይደለም፣ የሳጥኑ ብዛት ነው።

ስለዚህ «ብዙ ቀለም ላምጣ፣ ብዙ ሰው ይገዛኛል» የሚለው ሐሳብ ሁለት ስለት አለው። ቀለም ሲጨመር ደንበኛ ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ አዲስ ቀለም አምስት ቀጫጭን ሳጥን ይዞ ይመጣል። የመነሻ ብራቸው ትንሽ ለሆነ ጀማሪዎች እኔ ብጠየቅ፣ ሁለት ቀለም በአምስት ሳይዝ እላለሁ። ካታሎጉ ትንሽ ይደብራል፣ ይሁን።

ሳይዙ እኩል አይከፈልም

እስካሁን ሠላሳውን ሳጥን እኩል አድርገናል። የሰው አካል ግን እንደዚያ አይደለም። ቤልጂየማዊው የከዋክብትና የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ እ.ኤ.አ. በ1846 ባሳተመው ሥራ ከ5,000 በላይ የስኮትላንድ ወታደሮችን የደረት ዙሪያ መለኪያ በሠንጠረዥ አስቀመጠ። አብዛኞቹ 40 ኢንች አካባቢ፣ ማለትም መቶ ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ተከማችተዋል። ወደ ጠባቡም ወደ ሰፊውም ሲኬድ ቁጥሩ እየሳሳ ይሄዳል። በሥዕል ሲወጣ የደወል ቅርጽ ይሰጣል።

ለእህታችሁ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ መሐሉ ላይ ያሉት ሳይዞች ብዙ ሰው ይፈልጋቸዋል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ያሉትን ጥቂት። ከየሳይዙ እኩል ካዘዘች ሚዲየምና ላርጅ በቀናት ውስጥ ያልቃሉ፣ ስሞልና ደብል ኤክስኤል አልጋ ሥር ይከርማሉ። ጅምላ ሻጩ «ከየሳይዙ አንድ አንድ ታሽጎ ነው የሚመጣው» ካላት ደግሞ ምርጫም የላትም። ችግሩ ገና ከጥቅሉ ጀምሯል። የእናንተ ሳይዝ ሁሌ የሚያልቀው፣ በብዛት የምትገኙት እናንተ ስለሆናችሁ ነው። (ደብል ኤክስኤል የምትለብሱ ደግሞ «ለእኔማ መጀመሪያውኑ አይመጣም» እንደምትሉ አውቃለሁ። እሱም ልክ ነው፤ ትንሽ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።)

በዚህ ላይ «ሚዲየም» የሚለው ቃል ራሱ የማያስተማምን ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1939 እና 1940 መንግሥት 15,000 ገደማ ሴቶችን፣ እያንዳንዷን በ59 ቦታ አስለክቶ ነበር። ዓላማው አንድ ወጥ የሳይዝ ሥርዓት ማበጀት ነው። ከልኬቱ የታየው ግን አካል በአንድ ቁጥር እንደማይገለጽ ነው፤ ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች ወገባቸው በጣም ሊራራቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1958 መለኪያው ወጣ፣ በ1983 ተሻረ። ዛሬ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ሚዲየም ይሰፋል። ስለዚህ ኦንላይን ለሚሸጥ ሰው አንድ ሜትር ገዝቶ የቲሸርቱን የደረት ስፋትና ርዝመት በሴንቲ ሜትር መጻፍ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይቀድማል። ተልኮ የሚመለስ ልብስ ይቀንሳል። የተመለሰ ልብስ ደግሞ መንገድ ላይ እያለ ያልተሸጠም ያልተቀመጠም ነው፤ በደብተሩ ላይ የራሱ ዓምድ ይፈልጋል።

ደብተሩ የሚደብቀው

«እሺ፣ ካለፈው ወር ሽያጭ ተምራ በሚቀጥለው ታስተካክላለች» ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጥቁር ሚዲየም 4 ነበር፣ 4ቱም ተሸጠ። ሰናፍጭ ደብል ኤክስኤልም 4 ነበር፣ 4ቱም ተሸጠ። ደብተሩ ላይ ሁለቱም «4» ናቸው። ግን ጥቁር ሚዲየም በመጀመሪያው ቀን አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የጠየቁት ሰዎች ሁሉ «የለም» ተብለው ሄዱ። ሰናፍጩ አራተኛው የተሸጠው በወሩ መጨረሻ ነው። ደብተሩ የተሸጠውን ይጽፋል እንጂ የተፈለገውን አይጽፍም።

መፍትሔው ቀላል፣ ግን ማንም የማይሠራው ነው፦ እያንዳንዱ ሳጥን ያለቀበትን ቀን መጻፍ፤ «ሚዲየም አለ?» ብሎ ጠይቆ ያጣውንም ሰው መቁጠር። ኦንላይን ሻጭ በዚህ ከሱቅ ሻጭ ትሻላለች። ሱቅ የገባ ሰው ሳይዙን ሲያጣ ዝም ብሎ ይወጣል፤ የቴሌግራም ጥያቄ ግን እዚያው ተጽፎ ይቀራል። ደብል ኤክስኤል ለባሾችንም የሚያያቸው ይኸው ቆጠራ ነው። ዕቃው ኖሮ የማያውቅ ሳጥን ሽያጩ ሁሌ ዜሮ ነውና፣ ደብተሩን ብቻ ያየ ሰው «ፈላጊ የለውም» ብሎ ይደመድማል።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። የዛራ ሱቆች አንድ ልማድ ነበራቸው፦ የአንድ ልብስ ዋና ዋና ሳይዞች ሲያልቁ፣ የቀሩትን ሳይዞች ከመደርደሪያው አንስተው ወደ ጓሮ ያስገባሉ። ደንበኛው የሚወደውን አይቶ ሳይዙን ከሚያጣ ባያየው ይሻላል በሚል። ፌሊፔ ካሮና ጄሬሚ ጋሊየን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን ልማድ ወደ ሂሳብ ለውጠው፣ የትኛው ሱቅ ከየትኛው ሳይዝ ስንት ይላክለት የሚለውን በሞዴል አሰሉ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። በሙከራው ሽያጭ ከ3 እስከ 4 በመቶ ጨመረ። ትንሽ ይመስላል፤ አዲስ ልብስ ሳይሰፋ፣ ያለውን በትክክለኛው ቦታ በማስቀመጥ ብቻ የመጣ መሆኑን አትርሱ።

አራተኛውን ልግዛ ወይስ ይቅር?

አሁን እህታችሁ ስለ አንድ ሳጥን እየወሰነች ነው። በአማካይ 4 ሰው እንደሚፈልገው ታውቃለች። ስንት ትግዛ? «4» አትበሉ።

በነጩ እንጀምር። ነጭ ቲሸርት ቢተርፍም በሚቀጥለው ወር ይሸጣል። ብሯ ታስሮ መቆየቱን፣ ትንሽ ቅናሽ ማድረጓንም ደምረን አንዱ ሲተርፍ 150 ብር ትጎዳለች እንበል። ሲሸጥ 300 ታተርፋለች። አምስተኛው ነጭ የሚሸጥበት ዕድል 37 በመቶ ነው። የሚጠበቀው ጥቅም 111 ብር፣ የሚጠበቀው ጉዳት 95 ብር ገደማ። ጥቅሙ ስለሚበልጥ አምስተኛውን ትግዛ።

ሰናፍጩስ? ፋሽኑ ካለፈ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ 600 ብሩ ገደል ገባ። አራተኛው የሚሸጥበት ዕድል 57 በመቶ ነው፤ ጥቅሙ 171 ብር፣ ጉዳቱ 258 ብር። አራተኛውን አትግዛ፣ በሦስት ይብቃት። ያው አማካይ 4፣ አንዱ ላይ 5፣ አንዱ ላይ 3።

ይህ ስሌት ዕድሜው ከኦንላይን ንግድ በጣም ይበልጣል። እንግሊዝ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኤጅዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1888 ባንኮች ስንት ጥሬ ገንዘብ በካዝና ማስቀመጥ እንዳለባቸው ሲጠይቅ ተመሳሳይ ሐሳብ አንስቷል። በኋላ «የጋዜጣ ሻጩ ጥያቄ» የሚል ስም ወጣለት፤ ጋዜጣ ሲመሽ ዋጋ የለውማ።

አንድ ልብስ፣ ሁለት ገዢ

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ነጭ ሚዲየም ብቻ ቀርቷል። አንዱ በቴሌግራም፣ ሌላዋ በኢንስታግራም እኩል ጠየቁ። እህታችሁ በአንዱ፣ የምታግዛት ጓደኛዋ በሌላው ደብተሩን አይተው ሁለቱም «አለ» አሉ። ሁለቱም ገዢዎች በቴሌብር ከፈሉ። አሁን ክምችቱ አንድ ሲቀነስ ሁለት፣ ኔጌቲቭ አንድ ነው። እንደዚያ ያለ ቲሸርት በዓለም ላይ የለም።

የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ይህንን «ሬስ ኮንዲሽን» ይሉታል፤ እሽቅድምድም መሆኑ ነው። ስህተቱ ያለው በማየትና በመቀነስ መካከል ባለችው ክፍተት ነው። ጥሩ ዳታቤዝ ማየቱንና መቀነሱን ሊከፈል የማይችል አንድ ድርጊት ያደርጋቸዋል፣ ሁለተኛው ጠያቂ የመጀመሪያው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ብዙ ድረ ገጾች ደግሞ ዕቃውን ለጥቂት ደቂቃ «ተይዟል» ይሉና ክፍያ ካልመጣ ይለቁታል። በእጅ ለሚሠራ ሰው ደንቡ አንድ ነው፦ ደብተሩ አንድ ብቻ ይሁን፣ ከመመለስሽ በፊት ጻፊ።

ውሳኔውን ማዘግየት

እስካሁን ያየነው ሁሉ ግምትን ማሻሻል ነው። ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ አለ፦ ጨርሶ አለመገመት።

የጣልያኑ ቤኔቶን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሹራብ አሠራርን ቅደም ተከተል ገለበጠ። የተለመደው ክሩን መጀመሪያ ማቅለም፣ ከዚያ ሹራቡን መሥራት ነበር። ስለዚህ የትኛው ቀለም እንደሚሸጥ ከወራት በፊት መገመት ያስፈልጋል። ቤኔቶን ሹራቡን ባልቀለመ ክር ሠርቶ አስቀመጠ፤ ገበያው ቀይ ነው ወይስ አረንጓዴ የሚፈልገው የሚለውን ካየ በኋላ አቀለመ። የተሠራ ሹራብ ማቅለም ክር ከማቅለም ይወደዳል። ግን አስታውሱ፣ ቀለም ያልገባበት ሹራብ አሁንም አንድ ትልቅ ሳጥን ነው። የሚከፋፈለው በመጨረሻው ሰዓት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቲሸርት ላይ የሚያትሙ ወጣቶችም ሳያውቁት ይህንኑ ያደርጋሉ። አሥር ዓይነት ሥዕል በአምስት ሳይዝ አትሞ ያስቀመጠ ሰው 50 ሳጥን አለው። ባዶ ነጭ ቲሸርት አስቀምጦ ሲታዘዝ የሚያትም ሰው 5 ብቻ።

ሽሮ ሜዳ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ሸማው ሲሸመን ስሞልም ላርጅም አይደለም። ነጭ ጨርቅና ጥለቱ ተደርድሮ ይጠብቃል፤ ገዢዋ ጥለቱን ትመርጣለች፣ ሰፊው ሜትሩን አውጥቶ ይለካታል፣ ሳይዙ የሚወለደው ያኔ ነው። ዋሽንግተን ያለች ሴት እንኳን የደረትና የወገብ ልኳን በስልክ ልካ ታሰፋለች። እንዲህ በልክ ለሚሰፋ ልብስ «ሚዲየም አልቋል» የሚል ነገር የለም።

የሚከፈልበት ግን በጊዜ ነው። ፋሲካ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሄዳችሁ «ለበዓል ይድረስልኝ» ብትሉ፣ ሰፊው መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ከኋላው የተቆለለውን ትዕዛዝ ነው።